«ጉግል እያለ ምን ያስተምሯቸዋል?» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም እየተዘዋወረ ነው። ላይብረሪ ውስጥ ስለምሠራ ወዳጆቼ «ይቺን አይተሃታል?» እያሉ ደጋግመው ላኩልኝ። አየኋት። ጸሐፊው የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። ክርክራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ መረጃ አፈላለግ፣ ምንጭ መመዘንና የምርምር ክህሎት ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው። ሁሉም ነገር ጉግል ላይ አለ። የአሁኑ ልጅ ከስልክ ጋር ያደገ ስለሆነ ፍለጋን ማንም አያስተምረውም። የቀረውን ቻትጂፒቲ ይነግረዋል። ጆርናሎቹ በክፍያ የተቆለፉ ናቸውና ነገሩ ለእኛ አገር ቅንጦት ነው። ምርምር የማስተርስና የዶክትሬት ሥራ ነው፤ የመውጫ ፈተናውም አይጠይቀውም። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃውን ያህል የምርምር ዘዴ ኮርሱ ይሰጠዋል። የላይብረሪ ኦሬንቴሽን ደግሞ ምንም ፋይዳ የለውም።

በመጨረሻዋ ነጥብ እንስማማለን። ከእሷው ልጀምር።

«የላይብረሪ ኦሬንቴሽን ፋይዳ የለውም»

እውነታቸውን ነው። አዲስ ገቢዎች በመጡ ሰሞን ተማሪው አዳራሽ ሙሉ ይሰበሰባል። አንድ ባልደረባችን ማይክ ይይዛል። ቦርሳ በር ላይ ይቀመጣል፣ መጽሐፍ በመታወቂያ ነው የሚወጣው፣ ቀን ያሳለፈ ይቀጣል፣ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው። አለቀ። ልጁ ገና ዶርሙን በቅጡ አልለመደም። የሚጽፈው ወረቀትም የለውም። ይሄ የቤት ደንብ ማሳወቅ ነው እንጂ ትምህርት አይደለም።

እኔ ደግሞ አንድ ልጨምርላቸው። አንዳንድ መምህር የማጣቀሻ ዝርዝር ሲያርም ኮማና ነጥብ ይቆጥራል። የኤፒኤ አጻጻፍ ተዛብቷል ብሎ ማርክ ይቀንሳል። የተጠቀሰው ጽሑፍ በእውን መኖር አለመኖሩን ግን አያይም። ተማሪው ከዚህ የሚይዘው ግልጽ ነው። ቅርጹን ካሳመርክ ስለ ውስጡ ማንም አይጠይቅህም።

ከዚህ በኋላ መንገዳችን ይለያያል። ጸሐፊው «አሰጣጡ መጥፎ ነው» ይሉና ወዲያው «ስለዚህ ይቅር» ይላሉ። በዚህ ሚዛን ከሄድን ካምፓስ ውስጥ የሚተርፍ ኮርስ ጥቂት ነው።

«ሁሉም ነገር ጉግል ላይ አለ»

የጽሑፉ ምሰሶ ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቀላል ጥያቄ እንውሰድ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ስንት ነው? ጉግል አንድ ቁጥር በትልቁ ጽፎ ያመጣል። ተማሪው ይገለብጠዋል። ከፊቱም «በሕዝብ ቆጠራ መሠረት» የሚል ሐረግ ይለጥፍበታል። ይቺ ሐረግ በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ እንደልቧ ትዘዋወራለች። ግን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተገኘው 74 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይደረግ ቢልም አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ከዚያ ወዲህ የምንሰማው ቁጥር ሁሉ ግምት ነው።

ግምቱም አንድ አይደለም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከ1999ኙ ቆጠራ ተነስቶ የሚሠራው ትንበያ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሕዝብ ጉዳይ ክፍልም በራሱ ሞዴል ያሰላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ሚሊዮን ሰው በላይ ነው። ለአንድ ሐኪም ስንት ሰው ይደርሳል ብሎ የሚያካፍል ተማሪ በየትኛው እንዳካፈለ ካላወቀ፣ መልሱ ምን ማለት እንደሆነም አያውቅም።

«ኧረ እኔ ከሦስት ምንጭ አረጋግጫለሁ» የሚል ጎበዝ ተማሪም አለ። ከዓለም ባንክ፣ ዎርልዶሜትር ከሚባለው የቁጥር መረጃ ድረ ገጽ፣ ከአንድ የዜና ድረ ገጽ። ችግሩ የዓለም ባንክም ዎርልዶሜትርም በዋናነት የሚወስዱት ከዚያው ከተባበሩት መንግሥታት ነው። ዜናው ደግሞ ከእነሱ ይወስዳል። ሦስት የመሰለው ምንጭ አንድ ሆኖ አረፈው። ይህን ለመንቃት ፈጣን ኢንተርኔት አያስፈልግም። «ይህ ነገር መጀመሪያ ከማን አፍ ወጣ? እሱስ በምን አወቀ?» ብሎ መጠየቅ ነው የሚያስፈልገው። እኔ የመረጃ ክህሎት ስል ይህንን ማለቴ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው።

አሁን ከሕግ አንድ ምሳሌ ላምጣ። ስለ ወሊድ ፈቃድ የሚጽፍ ተማሪ «የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ» ብሎ ይፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 377/1996ን ያገኛል። ብዙ ቦታ የተጫነ ስለሆነ በቀላሉ ይመጣል። ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይላል። ልጁም ይጽፈዋል። ያ አዋጅ ግን በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከተሻረ ቆይቷል። አዲሱ ከወሊድ በኋላ ያለውን ፈቃድ 90 ቀን አድርሶታል። ፋይሉ ላይ «ተሽሯል» የሚል ማኅተም የለም። አሮጌው ሕግ ልክ እንደ አዲሱ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚከፈተው።

የዘመን አቆጣጠራችን ጣጣም አለ። አዲሱ አዋጅ በእንግሊዝኛ 1156/2019 ነው። አሮጌው 377/2003። አንዱን ከእንግሊዝኛ ቅጂ፣ ሌላውን ከአማርኛ ቅጂ የወሰደ ተማሪ 377/2003ን ከ1156/2011 ጎን ያስቀምጥና «በስምንት ዓመት ውስጥ ተሻሻለ» ብሎ ይጽፋል። እውነተኛው ልዩነት 15 ዓመት ነው። 377/1996ንና 377/2003ን ሁለት የተለያዩ ሕጎች አድርጎ ማጣቀሻው ውስጥ የሚደረድርም አይጠፋም። ይህን የውጭ አገር መማሪያ መጽሐፍ አይነግረውም። እዚያ ያለ ተማሪ ይሄ ችግር የለበትማ።

ደግሞ ጉግል ጭራሽ የማያየው አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፊደልን አንድ ዓይነት አድርገው የሚያነቡበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ብዙ መሥሪያ ቤት የሚጽፈው ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለውን ፋይል ስትከፍተው ደህና አማርኛ ይነበባል። ኮፒ አድርገህ ሌላ ቦታ ስትለጥፈው የላቲን ፊደልና ምልክት ይዘረገፋል። የፍለጋ ሞተሩም የሚያየው ያንን ዝብርቅርቅ ነው። ስካን ተደርገው የተጫኑ አሮጌ ነጋሪት ጋዜጦችም ብዙዎቹ ተራ ፎቶ ናቸው። ውስጣቸው ያለው ቃል በፍለጋ አይወጣም።

ሞክሼ ፊደሎቻችንን አንርሳ። «ሃይማኖት» ብሎ የፈለገ ሰው «ሀይማኖት» ተብሎ የተመዘገበውን በላይብረሪ ካታሎግ ላያገኘው ይችላል። ዓለምና አለም፣ ፀሐይና ጸሀይም እንደዚያው። የሰው ስምም ሌላ ፈተና ነው። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ አንዱ ጋ በ«ባ» ስር፣ ሌላው ጋ በ«ዘ» ስር ይገኛሉ። የውጭው አሠራር የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥረው ነው። መቀሌን በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች ደግሞ በአጻጻፉ ተስማምተው አያውቁም። አንዱን ብቻ ሞክሮ «ስለዚህ ርዕስ የተጻፈ ነገር የለም» ብሎ የሚመጣ ተማሪ ሞልቷል። «በመስኩ ጥናት ስላልተደረገ» የምትለው የፕሮፖዛል ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የምትወለደው።

ኢንተርኔት ላይ ያልወጣውስ? ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ላይብረሪው ውስጥ የቆዩ የተማሪ ጥናቶች፣ በራሪ ጽሑፎችና የብራና ቅጂዎች አሉ። አብዛኛው በጉግል አይገኝም። እንዳለ የሚያውቅ ሰው ብቻ ሄዶ ይጠይቃል።

«ከስልክ ጋር ያደገ ትውልድ ነው»

ስልክ መንካትና ምንጭ መመዘን አንድ አይደሉም። በዚህ ላይ የተሠራ አሪፍ ጥናት አለ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 45 ሰዎችን ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጡ። 25ቱ የስታንፎርድ ተማሪዎች፣ 10ሩ የታሪክ ምሁራን፣ 10ሩ በሙያቸው የዜና እውነታ አጣሪዎች ነበሩ። ከተሰጧቸው ሥራዎች አንዱ ስማቸው የሚመሳሰል የሁለት የአሜሪካ ሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራትን ድረ ገጽ ማወዳደር ነበር። አንደኛው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ነባር የሙያ ማኅበር ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2002 በአቋም ልዩነት ተገንጥሎ የወጣ ትንሽ ቡድን ነው።

አብዛኞቹ ተማሪዎች ትንሹን ቡድን የተሻለ ታማኝ ነው አሉ። ገጹ ጸድቷል፣ ርዕሶቹ ሳይንሳዊ ናቸው፣ ማጣቀሻም አለው። ከታሪክ ምሁራኑም ብዙዎቹ ተሸወዱ። አጣሪዎቹ ግን ሁሉም አገኙት። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። ገጹን ከላይ እስከ ታች አላነበቡትም። ወዲያው ሌላ ታብ ከፍተው «እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ሌላው ስለእነሱ ምን ይላል?» ብለው ፈለጉ።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ተማሪዎች ከስልክ ጋር ብቻ አይደለም፣ ከሲሊከን ቫሊ ጎን ነው የተማሩት። ምሁራኑ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰነድ ሲመረምሩ የኖሩ ናቸው። ሁለቱንም የጎዳቸው ያንን አንድ ልማድ አለመልመዳቸው ነው።

እኛስ ጋ? የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አርማ የለጠፈ የቴሌግራም ቻናል ሁሉ የሚኒስቴሩ ይመስለናል። የምደባ ወሬ፣ የውጤት ወሬ፣ የስኮላርሺፕ ወሬ በዚያ ነው የሚገባው። ተማሪው አርማውን ያያል፣ የተከታዩን ብዛት ያያል፣ ሼር ያደርጋል። ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ተነስቶ ቻናሉ እዚያ መጠቀሱን የሚያይ ስንቱ ነው?

«ቀሪውን ቻትጂፒቲ ይነግረዋል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሳያስቡት ለእኔ ተከራክረውልኛል።

ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከተለቀቀበት ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ወደ እኛ ዴስክ የሚመጣው ጥያቄ ተለውጧል። ተማሪው የማጣቀሻ ዝርዝር ይዞ ይመጣል። «እነዚህን አርቲክሎች ፈልግልኝ» ይላል። ርዕሱ ያምራል። የደራሲው ስም ትክክለኛ ነው፤ በመስኩ የታወቀ ሰው ነው። ጆርናሉም አለ። ቅጹ፣ ቁጥሩ፣ ገጹ ሁሉ ተሟልቷል። ጽሑፉ ግን የለም፤ ኖሮም አያውቅም። በሬ ወለደ ነው። መሣሪያው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ የሚጽፍ ስለሆነ፣ ማጣቀሻ ስትጠይቀው ማጣቀሻ የሚመስል ነገር ይሠራልሃል። ስለ ኢትዮጵያ ሲሆን ይብሳል። የተማረበት ጽሑፍ ስለእኛ ትንሽ ነዋ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ የሆነውን ብዙ ሰው ሰምቷል። አቪያንካ በተባለው አየር መንገድ ላይ በቀረበ ክስ የከሳሽ ጠበቆች ለፍርድ ቤት ባስገቡት ጽሑፍ ያልነበሩ የፍርድ ውሳኔዎችን ጠቀሱ። ውሳኔዎቹን የፈለሰፈው ቻትጂፒቲ ነበር። ዳኛው 5 ሺህ ዶላር ቀጧቸው። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ቅጣቱ አይደለም። ጠበቃው ጥርጣሬ ሲገባው ያደረገው ነገር ነው። ውሳኔዎቹ እውነተኛ መሆናቸውን መልሶ እዚያው ቻትጂፒቲን ጠየቀ። አዎ፣ እውነተኛ ናቸው አለው። ተረጋጋ። የዓመታት ልምድ ያለው ጠበቃ እንዲህ ከሆነ፣ ሁለተኛ ዓመት ያለውን ልጅ ማን ያስተምረው?

አትጠቀሙበት አልልም። እኔም እጠቀምበታለሁ። አንድ ርዕስ በእንግሊዝኛ በስንት ዓይነት ቃል እንደሚጠራ ጠይቁት፤ ለፍለጋ ቃል መልቀሚያ ግሩም ነው። የከበደ አንቀጽ አቅልሎ ያስረዳል። የሚሰጠውን ማጣቀሻ ግን ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ አድርጎ ጉግል ስኮላር (የጉግል የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ) ላይ ሳያገኙ፣ ከፍተው ሳያነቡ መጻፍ አይገባም። ይህን የማጣራት ልማድ መሣሪያው ራሱ አይሰጥም።

«ጆርናሎቹ የተቆለፉ ናቸው፤ ለእኛ ቅንጦት ነው»

ግማሹ እውነት ነው። አንድ አርቲክል ለማንበብ 30 እና 40 ዶላር የሚጠይቁ አሳታሚዎች አሉ። ያንን ከፍሎ የሚያነብ ተማሪ የለም። መብራትና ኔትወርክም የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ጸሐፊው ያልነገሩን ሌላኛውን ግማሽ ነው።

ሪሰርችፎርላይፍ የሚባል ፕሮግራም አለ። በ2002 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪን ከአሳታሚዎች ጋር ሲጀምር ነው የተነሳው። ሂናሪ የጤና ነው። ቀጥሎ ለግብርና አጎራ፣ ለአካባቢ ኦአሬ፣ ለቴክኖሎጂ አርዲ፣ በ2018 ደግሞ ለሕግ ጎአሊ መጡ። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። የተመዘገበ ተቋም ተማሪ ውጭ አገር በከፍተኛ ገንዘብ የሚነበቡ ብዙ ጆርናሎችን ያለ ክፍያ ያነባል። ሁሉንም አይደለም፤ አንዳንድ አሳታሚ ያስቀራል። ግን ብዙውን።

ታዲያ ለምን አይታወቅም? የሚከፈተው በተቋም የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ነው። የይለፍ ቃሉ ላይብረሪው ጋ ነው ያለው። ተማሪው መኖሩን ስለማያውቅ አይጠይቅም። ላይብረሪው ማንም ስለማይጠይቅ አይናገርም። እኛንም ጨምሬ ነው የምወቅሰው። ወረቀት ላይ ጽፎ በር ላይ መለጠፍ ስለማይቻል በየክፍሉ ገብቶ መንገር ይጠይቃል። ያ ደግሞ ጸሐፊው «ይቅር» ያሉት ትምህርት ነው።

ሌላም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች በኤሌክትሮኒክ ማከማቻው ተጭነዋል፤ ክፍት ናቸው። የአገር ውስጥ ጆርናሎችን በአንድ ቦታ የሚያሰባስብ የኢትዮጵያ ጆርናሎች ኦንላይን አለ። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይንም አለ። ጉግል ስኮላር ላይ ከአንድ በላይ ቅጂ ካለው ውጤት ስር «ሁሉም ቅጂዎች» የሚል ማስፈንጠሪያ አለ። የተቆለፈው አርቲክል ደራሲው ባስቀመጠው ቅጂ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። ካልተገኘ ለደራሲው ኢሜይል መጻፍ ነው። ሁለት መስመር ይበቃል። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይልካሉ፤ ጽሑፋቸው ከተሸጠ የሚያገኙት ሳንቲም የለም።

የኔትወርኩን ነገር በተመለከተ እንዲያውም ክርክሩ ይገለበጣል። ኢንተርኔቱ ደካማ የሆነበት ተማሪ ነው በደንብ መፈለግ ያለበት። በደፈናው ፈልጎ አምሳ ገጽ ከመክፈት፣ ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ አጥሮ፣ ፍለጋውን በአንድ ድረ ገጽ ገድቦ፣ ፒዲኤፍ ብቻ አምጣልኝ ብሎ አምስት ውጤት ማየት ይሻላል። ዳታ ይቆጥባል። ሞባይል ካርድ የሚሞላው ራሱ ነው።

የተቆለፈውን መክፈት የማያውቅ ተማሪ ምንም ሳያነብ አይቀርም። የተከፈተለትን ያነባል። የተከፈተው ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። ጥሩ ክፍት ጆርናሎች አሉ። ገንዘብ ከተከፈላቸው ማንኛውንም ነገር በሳምንት ውስጥ የሚያትሙ፣ «ኢንተርናሽናል» የሚል ስም የለጠፉም አሉ። የኮሎራዶ ላይብረሪያን የነበረው ጄፍሪ ቢል አዳኝ ጆርናሎች ብሎ ዝርዝራቸውን ለዓመታት ሲያወጣ ቆይቶ በ2017 እ.ኤ.አ. አውርዶታል። (ይሄ ተማሪውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ለማዕረግ እድገት የታተሙ የአንዳንድ መምህራን ወረቀቶች የት እንደወጡ ማየት በቂ ነው። ለሌላ ቀን ይቆየን።)

«የመውጫ ፈተናው አይጠይቀውም»

አይጠይቅም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው ፈተና ኢሜይል መጻፍንም፣ ሪፖርት ማዘጋጀትንም አይጠይቅም። ቀጣሪው ግን ይጠይቃል። የወረዳ ጤና ባለሙያ፣ የባንክ ብድር ኦፊሰር፣ ጋዜጠኛ፣ የሕግ ባለሙያ፣ ሁሉም «ይሄን አጣርተህ አምጣ» ይባላሉ። «ማጣራት የማስተርስ ሥራ ነው» ብሎ የሚመልስ አላየሁም። በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ የምለው የለም።

«የምርምር ዘዴ ኮርሱ ይሸፍነዋል»

ኮርሱን አከብራለሁ። ስለ ናሙና አወሳሰድ፣ ስለ መጠይቅ፣ ስለ ስታቲስቲክስ ያስተምራል። ሰዓቱ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። ምንጭ ፍለጋ ብዙ ጊዜ «ሊትሬቸር ሪቪው ጻፉ» ከሚል ትእዛዝ አያልፍም። ሰዓቱም የሚመጣው ልጁ ለዓመታት ከሃንድአውትና ከኮፒ ፔስት ጋር ከኖረ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

በዚያ ክፍተት የሚገባውን ሁላችንም እናውቃለን። በካምፓስ ዙሪያ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሁሉ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ተለጥፏል። ማማከሩ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ አይጠፋውም። ገዢዎቹን ሁሉ ሰነፎች አድርጎ መሳደብ ቀላል ነው። እኔ ዴስክ ላይ የማያቸው ግን አብዛኞቹ የፈሩ ልጆች ናቸው። ከየት እንደሚጀመር ማንም አሳይቷቸው አያውቅም፤ አድቫይዘራቸው ደግሞ «ምዕራፍ ሁለትን አምጣ» ብሏል።

ሳይከፍሉ የሚጽፉትም ሌላ ወጥመድ ውስጥ ይገባሉ። የጤና ተማሪ የእናቶች ሞትን ይጽፋል። በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት አንጻር 676 እናቶች ይሞታሉ ይላል። ከየት አመጣኸው? ከአንድ የማስተርስ ጽሑፍ። ያኛውስ? ከሌላ አርቲክል። ወደኋላ ብትሄድ 676 የ2011 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ቁጥር ነው። የ2016ቱ ዳሰሳ 412 ብሏል። እሱም ቢሆን ከዳሰሳው በፊት የነበሩትን ሰባት ዓመታት የሚመለከት እንጂ የ2016 ብቻ አይደለም። ልጁ ግን 676ን «በአሁኑ ጊዜ» ብሎ ጽፎታል። አልዋሸም። ከሱ በፊት የነበረውን ሰው አመነ። ያም ከሱ በፊት የነበረውን። አንዳቸውም ዋናውን ሪፖርት አልከፈቱም፤ ሪፖርቱ ግን ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ።

ጸሐፊው «ታዲያ ሌላ ኮርስ ጨምሩ ነው የምትሉን?» ብለው ይጠይቃሉ። አይደለም። የፍሬሽማን ኮርሶች እንደሆኑ ሞልተዋል። ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂ የሚያወራ ኮርስ አለ፤ የማመዛዘን ክህሎት የሚል አለ። ጊዜውም ብዙ አይፈልግም። ቅድም የጠቀስኩት የስታንፎርድ ቡድን በኋላ ባሳተመው የመስክ ጥናት 50 ደቂቃ የሚፈጅ ትምህርት ለ6 ክፍለ ጊዜ ብቻ ሰጥቶ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ምንጭ አመዛዘን መሻሻሉን አሳይቷል። የሁለተኛ ደረጃ ነው ያልኩት።

መለወጥ ያለበት አሳይንመንቱ ነው። «ቢያንስ 10 ማጣቀሻ ያለው 15 ገጽ» ማለት ይቁም። ያ ለኮፒ ፔስት የተጻፈ ግብዣ ነው። በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ በመስኩ በየቦታው የሚባል አንድ ነገር ይውሰድ፤ መጀመሪያ ያለው ማን እንደሆነ ፈልጎ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ማን አለው? መቼ? በየትኛው አቆጣጠር? በምን አወቀ? እስከ እኛ ሲደርስ ምን ተለወጠ? የደረሰበትን ዋና ሰነድ ከነገጹ ያሳይ። መንገዱ ከጠፋበትም የት ላይ እንደጠፋበት ይናገር፤ እሱም ሙሉ ማርክ ያሰጣል።

ለግብርናና ለኢኮኖሚክስ ክፍሎች አንድ ዝግጁ ርዕስ አለኝ። «85 በመቶው ሕዝብ በግብርና ይተዳደራል» የምትለዋ ዐረፍተ ነገር። ከልጅነታችን ጀምሮ አለች፤ ዘንድሮም እየተጻፈች ነው። የ1999ኙን ቆጠራ የከፈተ ተማሪ 84 በመቶ የሚጠጋ ቁጥር ያገኛል። ግን ያ በገጠር የሚኖረው ሕዝብ ድርሻ ነው። በገጠር መኖርና በግብርና መተዳደር ለየቅል ናቸው። የዓለም የሥራ ድርጅትን ግምት ያየ ደግሞ ከ85 በእጅጉ ያነሰ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ የሚነሳው ክርክር ከአንድ ሴሚስተር ሌክቸር ይበልጣል።

እርማቱን በተመለከተ ጸሐፊው ስለ ተማሪ ብዛት ያነሱት ቅሬታ ልክ ነው። 60 ተማሪ ያለው መምህር 60 ጊዜ 15 ገጽ አያነብም፤ አያነብምም ነበር። 60 አንድ ገጽ ግን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያልቃል። ቻትጂፒቲ የጻፈው ከሆነም ማጣቀሻው ሲከፈት ወዲያው ያስታውቃል።